የውሃ ውስጥ ካሜራ ከመግዛትዎ በፊት ውሃዎን ይለኩ

ጥያቄ፦ «ከትንሽ ጀልባ ላይ በመንጠቆ ዓሣ አጠምዳለሁ። የማጠምድበት ሐይቅ አብዛኛውን ጊዜ ድፍርስ ነው፤ ዝናብ በሌለባቸው ወራት ግን በመጠኑ ይጠራል። ዓሣው የት እንዳለ ለማየት የውሃ ውስጥ ካሜራ መግዛት አስቤአለሁ። ባለ 4ኬ ጥራት፣ የሌሊት እይታ ያለው፣ ያለ ገመድ በቀጥታ ወደ ስልክ ምስል የሚልክ እየተባለ የሚሸጥ አይቻለሁ። ከሌላ አጥማጅ ተውሼ የሞከርኩት ካሜራ ግን ከአረንጓዴ ጉም በቀር ያሳየኝ ነገር አልነበረም፤ መብራቱን ሳበራው ጭራሽ ባሰበት። ካሜራው ተበላሽቶ ነበር ወይስ አጠቃቀሜ ነው? የትኛውን ዓይነት ብገዛ ይሻላል? መብራቱስ ዓሣውን አያባርርም?»

ምላሽ፦

የተዋሱት ካሜራ ተበላሽቶ ነበር የሚያሰኝ ምልክት በጥያቄዎ ውስጥ አላገኘሁም። ያዩት አረንጓዴ ጉም ራሱ ውሃው ነው፤ ካሜራው ከፊቱ ያለውን በታማኝነት አሳይቷል። መብራቱ ሲበራ ምስሉ መባሱም በእንዲህ ዓይነት ውሃ ውስጥ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ «የትኛውን ልግዛ?» ከሚለው በፊት መመለስ ያለበት «እኔ በማጠምድበት ውሃ ውስጥ ማንኛውም ካሜራ ምን ያህል ርቀት ሊያይ ይችላል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ብዙ አጥማጆች ይህን ሳይጠይቁ ይገዙና ጥቂት ጊዜ ሞክረው ተስፋ በመቁረጥ ዕቃውን ይጥሉታል። ይህ የሚያሳዝን ነው፤ ምክንያቱም ካሜራ በሚስማማው ውሃ ውስጥ በአግባቡ ከተሠራበት ስለ ዓሣና ስለ ሐይቁ ወለል ሌላ መሣሪያ የማይሰጠውን ዕውቀት ይሰጣል።

ውሃ በብርሃን ላይ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ይውጠዋል፣ ይበትነዋልም። መዋጡ በሁሉም ቀለም ላይ እኩል አይደለም። ቀይ ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል፤ ከ5 ሜትር በታች ቀይ የነበረ ማባበያ ግራጫ ወይም ጥቁር መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ኩልል ባለ የባሕር ውሃ ውስጥ ከሁሉ ርቆ የሚጓዘው ሰማያዊው ሲሆን፣ አልጌ በበዛበት ሐይቅ ውስጥ አረንጓዴው ይተርፋል፤ የበሰበሰ ቅጠልና ሥር ባቀለመው ውሃ ደግሞ ሰማያዊው ቀድሞ ይጠፋና ሁሉ ነገር ወደ ቢጫና ቡናማ ያደላል። መዋጥ ምስሉን ያጨልመዋል፣ ቀለሙንም ያዛባዋል እንጂ ብቻውን ጉም አይፈጥርም። ጉሙን የሚፈጥረው መበተን ነው። በውሃው ውስጥ የተንሳፈፈ ደለል፣ አልጌና ሌላ ብናኝ ከዓሣው ተነሥቶ ወደ ሌንሱ የሚመጣውን ብርሃን ከመንገዱ ያስወጣዋል፤ ከዓሣው ጋር ግንኙነት የሌለውን ብርሃን ደግሞ ወደ ሌንሱ ይመልሳል። በዚህ የተነሣ ዓሣውና ከጀርባው ያለው ውሃ አንድ ዓይነት ድምቀት ይይዛሉ፤ ልዩነታቸው ከጠፋ በኋላ የሚታይ ነገር አይኖርም።

የ4ኬ ጥያቄዎ መልስም ከዚሁ ይወጣል። 4ኬ ማለት ምስሉ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት ማለት ነው፤ ነገር ግን ውሃው አስቀድሞ ያጠፋውን ልዩነት የነጥብ ብዛት መልሶ አያመጣውም፤ ጉሙን በ8 ሚሊዮን ነጥብ ከማየት በቀር ትርፉ ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ ከገመድ ካሜራዎች ጋር የሚመጡት ባለ 7 ኢንች ሞኒተሮች አብዛኞቹ የዚህን ሩብ ያህል ነጥብ እንኳ የላቸውም። በድፍርስና በጨለማ ውሃ ውስጥ የሚጠቅመው ትልልቅ ነጥቦች ያሉት፣ በጥቂት ብርሃን መሥራት የሚችል ሴንሰር (ብርሃንን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚለውጠው የካሜራው ክፍል) ነው፤ ሻጩ በትልቁ የሚጽፈው ግን ይህን አይደለም።

መብራቱ ሲበራ የተፈጠረውን ለመረዳት በሌሊት በጉም ውስጥ መኪና ሲነዱ ረጅሙን መብራት ማብራት ምን እንደሚያስከትል ማስታወስ በቂ ነው። በአብዛኞቹ የዓሣ ካሜራዎች ላይ መብራቶቹ ሌንሱን እንደ ቀለበት ከበው ስለሚገጠሙ፣ ከሁሉ በፊት የሚያበሩት ከሌንሱ ፊት ጥቂት ሴንቲሜትር ላይ የሚንሳፈፈውን ብናኝ ነው፤ ያ ብናኝም ብርሃኑን በቀጥታ ወደ ሌንሱ ይመልሰዋል። ዓሣው 2 ሜትር ርቆ ከሆነ ብርሃኑ 2 ሜትር ሄዶ 2 ሜትር መመለስ አለበት፤ ብናኙ ግን አፍንጫው ሥር ስለሆነ ሁልጊዜ ያሸንፋል። መፍትሔው መብራቱን ማጠናከር ሳይሆን መቀነስ ነው፤ ቀን ከሆነ ፈጽሞ ማጥፋት ይሻላል። የግድ ብርሃን ካስፈለገ መብራቱ ከሌንሱ ወደ ጎን 20 ወይም 30 ሴንቲሜትር ርቆ በሰያፍ እንዲያበራ ማድረግ በሌንሱና በዓሣው መካከል ያለው ውሃ እንዳይበራ ይረዳል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ካሜራውን ወደሚታየው ነገር ማቅረብ ነው። ርቀት በግማሽ ሲቀነስ የሚገኘውን ለውጥ በገንዘብ የሚገዛ ምንም መሣሪያ አይተካውም።

«የሌሊት እይታ» የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የኢንፍራሬድ፣ ማለትም ለዓይን የማይታይ ብርሃን የሚሰጥ መብራት ነው። በየብስ ላይ ለጥበቃ ካሜራዎች ጥሩ የሚሠራው ይህ ብርሃን በውሃ ውስጥ አቅም የለውም፤ ውሃ ኢንፍራሬድን ከሚታየው ብርሃን ይልቅ እጅግ አብልጦ ይውጣልና። የተለመደው፣ የሞገድ ርዝመቱ 850 ናኖሜትር የሆነው ኢንፍራሬድ በንጹሕ ውሃ ውስጥ እንኳ 1 ሜትር ሲጓዝ ከ100 እጅ 98 ያህሉ ይጠፋል። 1 ሜትር ጉዞ ማለት ደግሞ ግማሽ ሜትር ርቆ ወዳለ ዓሣ ሄዶ መመለስ ብቻ ነው። የ940 ናኖሜትሩ ከዚህም እጅግ የባሰ ነው። ስለዚህ ኢንፍራሬድ ከማባበያው አጠገብ፣ በክንድ ርዝመት ውስጥ የሚሆነውን በጥቁርና ነጭ ለማየት ያገለግል ይሆናል፤ ሐይቁን በሌሊት ያሳየኛል ብሎ መግዛት ግን ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ልኬቱ እንምጣ። የውሃን ጥራት ለመለካት ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሚያገለግለው ዘዴ ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጀሎ ሴኪ በ1865 በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ የሞከረው ክብ ሰሌዳ ነው። ለሐይቅ የሚሆነው 20 ሴንቲሜትር ስፋት ኖሮት በአራት ተከፍሎ ተራ በተራ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ነው፤ ከጠንካራ ፕላስቲክ ቆርጠው ራስዎ ሊሠሩት ይችላሉ። ከሥሩ እርሳስ ወይም ሌላ ክብደት ያንጠልጥሉለት፤ ገመዱን በየ10 ሴንቲሜትሩ ምልክት ያድርጉበት። ፀሐይ ከፍ ባለችበት ሰዓት፣ ነጸብራቅ እንዳያስቸግርዎ ጥላ ካረፈበት የጀልባው ጎን ሰሌዳውን ቀስ አድርገው ያውርዱት። ከዓይንዎ የጠፋበትን ጥልቀት ይያዙ፤ ከዚያ መልሰው እየሳቡ እንደገና የታየበትን ይያዙ፤ የሁለቱ አማካይ የውሃዎ የጥራት ልክ ነው። ይህን በጠራውም በደፈረሰውም ወቅት፣ በሚያጠምዱባቸው ቦታዎች ሁሉ ይድገሙት፤ ወንዝ በሚገባበት አፍና በመሀል ሐይቅ መካከል ያለው ልዩነት ሊያስገርምዎ ይችላል።

ካሜራው ወደ ጎን የሚያይበት ርቀት ሰሌዳው ከጠፋበት ጥልቀት እምብዛም አይበልጥም፤ በተግባር ደግሞ ዓሣ እንደ ሰሌዳው ነጭና ጥቁር ሆኖ ራሱን ስለማያሳይ ግማሹን ያህል ብቻ መጠበቅ ብልህነት ነው። ሰሌዳው 1 ሜትር ሳይወርድ የሚጠፋ ከሆነ ካሜራ አይግዙ። ከ1 እስከ 2 ሜትር ባለው ውስጥ ካሜራው የራስዎን ማባበያ ከቅርብ ለመከታተልና ወለሉን ለመመርመር ይሆናል፤ ዓሣ ለመፈለግ ግን አይሆንም። ከ2 ሜትር በላይ ሲሆን ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ መሣሪያ ይሆናል። ይኸው ቁጥር ስለ ጨለማውም ይነግርዎታል፤ ሰሌዳው ከጠፋበት ጥልቀት ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ሲወርዱ ከላይ ከሚገባው ብርሃን የሚቀረው 1 ከመቶ ገደማ ነው። ሰሌዳው በ2 ሜትር ላይ የሚጠፋበት ሐይቅ በ6 ሜትር ጥልቀት ላይ ለካሜራ ድንግዝግዝ ነው ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ሰሌዳው የሚለካው የላይኛውን ውሃ ነው። አልጌ ከላይ ተከማችቶ ከታች ያለው ውሃ ጠርቶ የሚገኝበት ሐይቅ አለ፤ ማዕበል ወለሉን አናውጦ ከታች የሚደፈርስበትም አለ። ስለዚህ ልኬቱ ከተስማማዎት በኋላም ቢሆን ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የተዋሱትን ካሜራ ውሃው በጠራበት ወቅት መብራቱን አጥፍተው አንድ ጊዜ ይሞክሩት።

በጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ ላርመው የምፈልገው «ዓሣው የት እንዳለ ለማየት» የሚለውን ነው። ካሜራ ለዚህ ሥራ ደካማ መሣሪያ ነው። በአየር ላይ 90 ዲግሪ የሚያይ ሌንስ በጠፍጣፋ መስታወት በኩል ውሃ ውስጥ ሲያይ ብርሃኑ ስለሚጠማዘዝ እይታው ወደ 64 ዲግሪ ይጠባል፤ በዚህ ስፋት 1 ሜትር ርቀት ላይ የሚያየው 1 ሜትር ከሩብ ያህል፣ በ2 ሜትር ርቀት ላይ ደግሞ 2 ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ብቻ ነው። ሰፊ ሐይቅን በእንዲህ ያለች ቀዳዳ እያዩ መፈለግ ቀኑን ይፈጃል። ሶናር፣ ማለትም ድምፅ ወደ ውሃው ልኮ ከሚመለሰው ማሚቶ ከታች ያለውን የሚያሳየው መሣሪያ፣ ግን በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል የሚጓዘውን ድምፅ ስለሚጠቀም ድፍርስ ውሃ አያግደውም፤ 20 ዲግሪ ስፋት ያለው የሶናር ጨረር በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ስፋት ያለው ክብ ይሸፍናል፤ ይህንንም ጀልባው እየተጓዘ ሳለ ያደርገዋል። የሶናር ድክመት በተቃራኒው በኩል ነው። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቅስት የሚፈልጉት ዓሣ ይሁን ሌላ ዝርያ፣ ወይም የሰመጠ ቅርንጫፍ ይሁን በእርግጠኝነት አይነግርዎትም። የካሜራ ቦታ ይህ ነው፤ ሶናር «እዚህ አንድ ነገር አለ» ሲል ካሜራ «ምንድን ነው?» የሚለውን ይመልሳል። ሁለቱን መግዛት የማይችል ሰው ቀድሞ መግዛት ያለበት ሶናርን ነው፤ በዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም።

ያለ ገመድ ወደ ስልክ ምስል ይልካል የተባለውን በጥንቃቄ ያንብቡት። ዋይፋይና ብሉቱዝ የሚሠሩበት የ2.4 ጊጋኸርትዝ የራዲዮ ሞገድ በውሃ ውስጥ ከጥቂት አሥርት ሴንቲሜትር በላይ አይዘልቅም፤ በጨዋማ ውሃ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ካሜራው 8 ሜትር ወርዶ ሳለ ምስሉ በቀጥታ ስልክዎ ላይ እየታየ ከሆነ በመካከል ገመድ አለ ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ገመዱ ውሃው ላይ ከሚንሳፈፍ አስተላላፊ ጋር የተያያዘ ነው። ገመድም ተንሳፋፊም ከሌለው የሚቀረው አማራጭ ካሜራው በራሱ ማስታወሻ ካርድ ላይ ቀርጾ ከውሃው ከወጣ በኋላ ፊልሙን ወደ ስልክ ማስተላለፉ ነው። ሁለቱም የሚጠቅሙ ናቸው፤ ነገር ግን የተለያዩ መሣሪያዎች ናቸውና ማስታወቂያው ሆን ብሎ ሲያቀላቅላቸው እንዳይታለሉ።

በገበያ ላይ ያሉት በመሠረቱ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በገመድ ከሞኒተር ጋር የተያያዘው፣ ከጀልባ ላይ አውርደው በዚያው ቅጽበት የሚያዩበት ነው፤ ለእርስዎ የሚስማማው እሱ ነው። ሁለተኛው እንደ ጎፕሮ ያለው ቀራጭ ካሜራ ነው። ከሄሮ 5 ጀምሮ ያሉት ዋናዎቹ የጎፕሮ ሞዴሎች ያለ ተጨማሪ መያዣ እስከ 10 ሜትር ይወርዳሉ፤ ምስላቸውም ከገመድ ካሜራዎቹ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን በቅጽበቱ ምንም አያሳዩዎትም። ሦስተኛው በማጥመጃው ክር ላይ ከማባበያው ፊት የሚታሰረው ትንሽ ካሜራ ሲሆን ዓሣ ማባበያውን እንዴት እንደሚከተልና ለምን ሳይነክስ እንደሚመለስ ለመማር እጅግ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ክብደቱ የማባበያውን እንቅስቃሴ ይለውጣል፣ ክሩ ሲበጠስም ካሜራው አብሮ ይሄዳል። በሞተር የሚንቀሳቀሱ የውሃ ውስጥ ድሮኖችም አሉ፤ እንደ እርስዎ ባለ ውሃ ውስጥ ግን ዋጋቸውን የሚመልስ ምክንያት አይታየኝም።

የገመድ ካሜራ ሲመርጡ መጀመሪያ የገመዱን ርዝመት ይመልከቱ። ጀልባ ስለሚንሸራተትና ውሃው ገመዱን ወደ ጎን ስለሚገፋው፣ ከሚያጠምዱበት ጥልቀት ቢያንስ በግማሽ የሚበልጥ ርዝመት ያስፈልጋል፤ ለ10 ሜትር ጥልቀት 15 ሜትር ገመድ ማለት ነው። ገመዱ ወደ ካሜራው በሚገባበት አንገት ላይ ወፍራም የጎማ መከላከያ መኖሩን በእጅዎ ጎንበስ ቀና አድርገው ይፈትሹ፤ እነዚህ ካሜራዎች ከሁሉ ቀድመው የሚበላሹት እዚያ ላይ ነው። ቀጥሎ ሞኒተሩን ፀሐይ ላይ አውጥተው ይዩት። በሱቅ ውስጥ ብሩህ የሚመስል ስክሪን በቀትር ውሃ ላይ ጥቁር መስታወት ይሆናል፤ የፀሐይ መከለያ የሌለው ሞኒተር አይግዙ። መብራቱ ደረጃ በደረጃ የሚቀነስና ፈጽሞ የሚጠፋ መሆን አለበት፤ ካሜራው እንደበራ መብራቱም ሁልጊዜ የሚበራበት ዓይነት ለድፍርስ ውሃ አይሆንም።

ስለ ጥልቀት የሚጻፉ ቁጥሮችም ማብራሪያ ይፈልጋሉ። አይፒ67 የሚል ምልክት ዕቃው በ1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየቱን ብቻ ያረጋግጣል፤ ይህ ዝናብና ድንገተኛ መውደቅን ይችላል እንጂ ለማጥመጃ ካሜራ አይበቃም። አይፒ68 ከዚያ የጠለቀ ነው፤ ጥልቀቱንና ጊዜውን የሚወስነው ግን አምራቹ ስለሆነ ከምልክቱ ጎን የሜትሩን ቁጥር ይፈልጉ። በየ10 ሜትሩ 1 የከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨመራል። ፈተናው በአዲስ ዕቃ፣ ባልተናወጠ ውሃ የተደረገ መሆኑን አስበው እርስዎ ከሚወርዱበት ጥልቀት እጥፍ የተጻፈለትን ይምረጡ።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ነገር ካሜራውን እስከ ወለሉ ድረስ ጥሎ ማሳረፉ ነው። ወለሉ ደለል ከሆነ ካሜራው የሚያስነሣው ጭቃ ለብዙ ደቂቃዎች ምንም አያሳይም። ከወለሉ 30 እስከ 50 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው ያቁሙት፤ ለዚህም ከካሜራው ሥር በዚሁ ርዝመት ክር ላይ እርሳስ ማንጠልጠልና እርሳሱ ብቻ ወለሉን እንዲነካ ማድረግ ጥሩ ዘዴ ነው። በቀን ፀሐይዋ ከካሜራው ጀርባ እንድትሆን አድርገው ያዙሩት፤ ወደ ብርሃኑ አቅጣጫ ሲያይ ብናኙ ሁሉ ያበራልና። ይህ ሕግ አንድ ጠቃሚ ልዩነት አለው። ካሜራውን ጥቂት ወደ ላይ ቢያዘነብሉት ከሰማይ የሚገባው ብርሃን 97 ዲግሪ ስፋት ባለው ክብ መስኮት ተሰብስቦ ስለሚታይ፣ በዚያ ብሩህ መደብ ላይ የሚያልፍ ዓሣ ጥላው ጎልቶ ይወጣል። ቀለሙንና ዝርዝሩን አያዩም፤ መጠኑን፣ ቅርጹንና የዋና ስልቱን ግን ያያሉ፤ በድፍርስ ውሃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። መጠን ሲገምቱ ግን ይጠንቀቁ፤ በጠፍጣፋ መስታወት በኩል በውሃ ውስጥ ያለ ነገር ከእውነተኛ ርቀቱ በሩብ ቀርቦ፣ በሲሶ ያህልም ገዝፎ ይታያል። ከካሜራው ፊት ልኩን የሚያውቁት ዘንግ ማሰር ይህን ያስተካክላል።

ብርሃን ዓሣን ያባርራል ወይ ላሉት፣ መልሱ እንደ ዝርያው፣ እንደ ሰዓቱና እንደ አበራሩ ይለያያል። በጨለማ ውስጥ ድንገት የሚበራ ኃይለኛ ነጭ መብራት በአካባቢው ያለውን ዓሣ ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል። ለረጅም ጊዜ ሳይናወጥ የበራ መብራት ግን በሌሊት ጥቃቅን ነፍሳትን ይሰበስባል፤ እነሱን ትናንሽ ዓሦች ይከተላሉ፤ ትናንሾቹን ደግሞ አዳኞቹ። ስለዚህ የሚያስፈልግ ከሆነ ከመውረዱ በፊት በዝቅተኛ ደረጃ አብርተው ያውርዱት እንጂ ከታች ሳለ አያብሩና አያጥፉ። በእኔ ግምት ዓሣን ከመብራቱ ይልቅ የሚረብሸው እንቅስቃሴው ነው፤ የሚወዛወዝ ካሜራ፣ ከጀልባው ጎን ጋር የሚጋጭ ገመድ፣ በየደቂቃው የሚሳብና የሚወርድ ዕቃ። አውርደው አሥር ደቂቃ ያህል ሳይነኩት ይጠብቁ። መጀመሪያ የሸሸው ዓሣ ብዙ ጊዜ ካሜራውን ራሱን ሊመረምር ተመልሶ ይመጣል።

ማባበያዎን እያዩ ለማጥመድ ከፈለጉ ካሜራውን ከማጥመጃው ክር ቢያንስ 1 ሜትር ያርቁት፤ የሚታይበት ርቀት ከዚያ ካነሰ ግን ዕቅዱን መተው ይሻላል። መንጠቆ የያዘው ዓሣ በገመዱ ዙሪያ ሲጠመጠም ክሩም ገመዱም ሊበጠሱ ይችላሉ፤ ስለዚህ ዓሣው እንደነከሰ ካሜራውን የሚስብ ሁለተኛ ሰው ከሌለ መጀመሪያ ቦታውን በካሜራ መርምሮ፣ አውጥቶ፣ ከዚያ ማጥመድ ይቀላል። ብቻውን ለሚያጠምድ ሰው የምመክረውም ይህንኑ ነው።

ያዩትን ሲተረጉሙ ሁለት ነገር አይዘንጉ። በስክሪኑ ላይ ዓሣ አለመታየቱ ቦታው ባዶ መሆኑን አያረጋግጥም፤ አንዲት ጠባብ መስኮት ባዶ መሆኗን ብቻ ነው። የዓሣ መንጋ መታየቱም እንደሚበላ አያረጋግጥም፤ ጠግቦ የቆመ መንጋ ማባበያውን እያየ ዝም ሊል ይችላል። አስተማማኙ ትርፍ ወለሉን ማወቅ ነው። አሸዋው የት አልቆ ጠጠሩ እንደሚጀምር፣ የውሃ ተክሉ ጠርዝ የት እንደሆነ፣ የሰመጠው ግንድ በየትኛው ወገን ጥልቅ ውሃ እንዳለው አንድ ጊዜ ካዩትና ቦታውን ከመዘገቡት ውሃው በሚደፈርስባቸው ወራት ሁሉ ያገለግልዎታል። የእርስዎ ሐይቅ በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ የሚጠራ ከሆነ ካሜራውን በእነዚያ ወራት ለዚህ ዓይነቱ ቅኝት መጠቀም ከሁሉ የተሻለ ሥራው ነው።

ከውሃ ሲወጣ በንጹሕ ውሃ ያጥቡት፤ በጨዋማ ውሃ ከሠሩበት ያለዚህ ማያያዣዎቹ ይዝጋሉ። የሚከፈት መያዣ ካለው የጎማ ቀለበቱን ሁልጊዜ ይመርምሩ፤ በላዩ ላይ ያረፈች አንዲት ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ውሃ ለማስገባት ትበቃለች። ለቀለበቱ የሲሊኮን ቅባት በስሱ ይጠቀሙ፤ ቫዝሊንና የሞተር ግሪስ ብዙ ዓይነት ጎማዎችን ያበላሻሉና አይሆኑም። ሞቃትና እርጥብ አየር ታፍኖበት ወደ ቀዝቃዛ ውሃ የወረደ መያዣ መስታወቱ ከውስጥ በጤዛ ይሸፈናል፤ በጥላና በደረቅ ቦታ መዝጋትና እርጥበት የሚመጥ ትንሽ የሲሊካ ከረጢት መጨመር ይረዳል። ገመዱን በሰፊ ክብ ይጠቅልሉት፤ በክርን ላይ አጥብቆ መጠቅለል የውስጡን ሽቦ ይሰብራል። ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ ሲሄዱ ካሜራውንና ገመዱን ከጭቃና ከተክል አጽድተው ፈጽሞ ያድርቁ፤ ወራሪ ተክሎችና ጥቃቅን ፍጥረታት ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ከሚዛመቱባቸው መንገዶች አንዱ የአጥማጆች እርጥብ ዕቃ ነው።

በካሜራና በመብራት ታግዞ ማጥመድ የሚፈቀድበት ሁኔታ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በተለይ በውድድር ላይና በሌሊት መብራት መጠቀም የሚከለከልባቸው ቦታዎች አሉ። ከመግዛትዎ በፊት ሐይቁን የሚያስተዳድረውን አካል ይጠይቁ። ደንቡ ዝም ቢል እንኳ በእርባታ ወቅት እንቁላሉን ወይም ጫጩቶቹን በሚጠብቅ ዓሣ ላይ ካሜራና መብራት ደቅኖ መቆየት አይገባም፤ ጠባቂው ለጥቂት ደቂቃ ሲሸሽ ሌሎች ዓሦች ጎጆውን ሊበሉት ይችላሉ።

ለእርስዎ ያለኝ ምክር እንግዲህ ይህ ነው። ባለ 4ኬውንና የሌሊት እይታ ያለውን ይተዉት። ሰሌዳውን ሠርተው በድፍርሱም በጠራውም ወቅት ይለኩ። በጠራው ወቅት እንኳ ሰሌዳው 1 ሜትር ሳይወርድ ከጠፋ ገንዘብዎን ሁሉ በሶናር ላይ ያውሉት፤ ካሜራን ለዚህ ሐይቅ ከሐሳብዎ ያውጡት። 2 ሜትርና ከዚያ በላይ ካገኙና ሶናር ካለዎት መካከለኛ ዋጋ ያለው፣ ጥልቀትዎን በግማሽ የሚበልጥ ገመድ፣ በጥቂት ብርሃን የሚሠራ ሴንሰር፣ የሚቀነስና የሚጠፋ መብራት፣ መከለያ ያለው ሞኒተር ያለውን የገመድ ካሜራ ይግዙ። በሁለቱ መካከል ከሆኑ መዋስ ወይም መከራየት ይበቃዎታል። ሲገዙም መመለስ የሚፈቀድበት ጊዜ ሳያልፍ መጀመሪያ በባልዲ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት አጥልቀው ከውስጥ እርጥበት አለመግባቱን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ገመዱን በሙሉ ርዝመቱ አውርደው ምስሉ ሳይቆራረጥ መምጣቱን ይዩ።